ቤት ድንበር አይሻገርም?

ጣቢታዬ፣

«አልጋሽን እየጎተትሽ ኬንያ ልትሄጂ?» ብለሽ የሳቅሽባት ባለአልጋና ባለምድጃ ተጎታቻችን ድንበሩ ላይ ቆማለች። ታርጋዋን፣ ሊብሬዋን፣ የራሷን ኢንሹራንስ ሁሉ አሳየሁ። የድንበሩ ኃላፊ በበሯ አንገቱን አስግጎ ፍራሹን አየና፣ «እህቴ፣ ይሄማ ቤት ነው። በመኪና ኢንሹራንስ ቤት አይሻገርም፤ እዚሁ ከመኪናው ፈታችሁ ትታችሁት እለፉ» አይለኝም? እኛ ሆሳዕና ባጃጅ ቁምሳጥን ከነአልጋው ጭኖ ሲያልፍ ማን «ቤት ነህ» ብሎት ያውቃል!

ባሌ ነህምያ ሊለማመጠው ሲል ዝም አሰኘሁት። ምድጃዬን ለኮስኩና እናትሽ ለመንገድ በሰጡኝ ቡላና ቅቤ አተካና ሠራሁ። «ቤት ነው ካሉ እንግዳዬ ነዎት፤ ሀዲያ ቤት ተደርሶ ሳይበላ አይኬድም፣ ይግቡ። መኪና ነው ካሉ ደግሞ ያሳልፉኝ» አልኩት። ከኋላችን የተሰለፉት ሾፌሮች በሳቅ ፈነዱ። እሱ አልበላም፣ አላሳለፈኝምም። እኔም ተጎታቿን አልፈታሁም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም እቀፊልኝ። ስለ እኔ አታስቢ፤ ሲመሽ ኃላፊው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኔ ግን ቤቴ ነኝ።

ሐዳሳ