በምሥራቅ በኩል ያለው የባሕር ድርሻህ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለቹዋንሊን፤ ባሕር ማዶ ካለህበት ከኢንቾን።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ጎንበስ ብሎ ብየዳ መዋሉ አልሰበረውም? ባለቤትህ ጂንግዋስ ደህና ናት? ናንናን ጥርስ ማብቀሏን ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። እኛ ከሰሞኑ ንፋስ በቀር ደህና ነን። አባታችንም ደህና ናቸው፤ ሳሉ ግን ብሶባቸዋል። በስልክ ብነግርህ ተጯጩኸን እንደምንለያይ ስለማውቅ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የባሕር ድርሻህን ዛጎላሙን ኦይስተር ለሚያረባው ለዚያ ነጋዴ ልታከራይ መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለቴ ተነስቼ ባሕሩን አይቼ ተመለስኩ። ሰውየው በጀልባ መጥቶ አይቶታል። በገመድ ላይ የምናበቅለውን የባሕር ቅጠል ትቶ በሁሉም ኦይስተር ብቻ ሊያንጠለጥል እንዳሰበ ለባሌ ለቾንግሻን ሳይደብቅ ነግሮታል። እሱ ደግሞ እንደምታውቀው ሰው ማስቀየም አይችልም፤ ሻይ ቀድቶ ሸኘው። እኔ ብኖር ሻዩ ጭኑ ላይ ነበር የሚፈሰው።

እዚህ ላደግህ ሰው ይህን መንገር ያሳፍራል፤ ግን ልንገርህ። የባሕሩ ሙላት ባንተ በኩል አልፎ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። ቅጠሉ ውሃውን ያጠራልኛል፤ ከሥሩ በቅርጫት የተንጠለጠሉት የባሕር ቀንድ አውጣዎቼ ያንኑ ቅጠል ይበላሉ፤ የእነሱን ቆሻሻ ኦይስተሩ ያጣራል፤ ከዚያ የወረደውን ወለሉ ላይ ያሉት የባሕር ኪያሮች ይለቅሙታል። አንተ ጋ ኦይስተር ብቻ ከታጨቀ ለእኔ የሚደርሰኝ የታፈነ ውሃ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ቢ የኦይስተር ዋጋ ጨመረ ብለው ቅጠላቸውን የተዉ ዓመት፣ ኦይስተራቸው በበጋው ሙቀት አፉን ከፍቶ ሲሞት ሽታው እኛ ቤት ድረስ አልመጣም? ዛሬ የሰው ጀልባ እየቀቡ ነው የሚኖሩት። የእኛ ቤት የሚያድረው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች መሆኑን አንተም ታውቃለህ።

አባታችንን ምን ይላሉ ብዬ ብጠይቃቸው ተነስተው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ሰኞ የባሕር ቅጠሉን ችግኝ ገመድ ላይ የምንሰካበት ቀን ነበር። የሰፈሩ ሴቶች እንደተለመደው ባሕሩ ዳር ተቀምጠው የገመዱን ፈትል እየከፈቱ ችግኙን ሲያስገቡ፣ አባታችን መጥተው መሃላቸው ቁጭ አሉና ይሰኩ ጀመር። ወንድ ይህን ሲሠራ መቼ አይተህ ታውቃለህ? ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። አንዷማ "አባባ፣ ይሄ ጣት መልሕቅ ሲጥል የኖረ ነው፤ ችግኙን እንዳይጨፈልቁት" አለቻቸው። እሳቸው ግን ቀና አላሉም። የሚወዱትን፣ ዓሣ በሊጥ የተጠቀለለበትን ጂያኦዚ ቀቅዬ ባቀርብላቸውም አልነኩትም።

እሳቸው ሲጨመሩበት ገመዱ የእኔን ድርሻ ሞልቶ ተረፈ። የተሰካ ችግኝ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ባሕር ካልገባ ይሞታል። ምን ላድርገው ብዬ ስጨነቅ አባታችን የጀልባውን መሪ ያዙና ወዳንተ ድርሻ አዞሩት። ልጅዎ አልፈቀደም እኮ አልኳቸው።

"ካልፈለገ ይምጣና ይቁረጠው" አሉኝ።

ገመዱን ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ብትቆጣ እኔን ተቆጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባታችን ማለዳ ማለዳ ዳር ወርደው ያንተን ገመድ የያዙትን ተንሳፋፊ ኳሶች ሲያዩ ይቆያሉ። ነጋዴው በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ሠራተኞቹን ይዞ ሊመጣ ነው። ፈርተህም ይሁን ተቸግረህ ቃል ሰጥተኸው ከሆነ አልፈርድብህም። ግን አባታችን በጣታቸው የሰኩትን ባዕድ ሲቆርጠው ቆመው እንዲያዩ አታድርግ። ቢላዋውን ይዘህ ራስህ ና።

ለጂንግዋ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝ ቅባት እጄን ከመሰንጠቅ አድኖልኛል። የናንናንን ሁለቱንም ጉንጮች ሳምልኝ። ቾንግሻን ሰላም ብሎሃል። ልጄ ሃይያን አጎቴ መልኩ ተለውጦ ይሆን ትላለች። አባታችን ሰላምታ ጻፊልኝ አላሉኝም። አሁን ግን አጠገቤ ተቀምጠው "የኢንቾን መርከብ እዚህ የሚደርሰው ጠዋት ነው፤ ወደቡ ላይ እጠብቀዋለሁ በዪው" አሉኝ።

እህትህ ሹዜን
ሳንጎ የባሕር ወሽመጥ፣ ኅዳር 6 ቀን