የቻይናዋ መርፌና ያንቺ አጥሚት

ካሮልተን፣ ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ብርዱ ጉልበትሽን አልጀመረሽም? ባለቤትሽ ጋሼ ተሻገርስ ደኅና ናቸው? የእኔን በኋላ እነግርሻለሁ። ስደውል ስለማታነሺ፣ ሮውሌት ቤትሽ ድረስ ለመንዳት ደግሞ እግሬ ስለማይታዘዘኝ፣ ይኸው ወረቀት ይዣለሁ። ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ።

ማኅበር ላይ «እህቴ ቻይና ጠንቋይ ጋ እየሄደች ገላዋን በመርፌ ታስወጋለች» ብለሽ ያለቀስሽው ደርሶኛል። የነገረችኝ ኤርፖርት አብራኝ መንገደኛ በዊልቸር የምትገፋው ዓለምጌጥ ናት። ከዚያ ወዲህ ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሰው ደጄ ላይ ያማትባል። ጠንቋይ! ዶክተር ሊን የሥራ ፈቃዷን ግድግዳ ላይ የሰቀለች፣ እጇን ታጥባ አዲስ መርፌ የምትፈታ ሴት ናት። የላከኝም የካንሰር ሐኪሜ ነው። ከሁለተኛው ኬሞ በኋላ ውኃ እንኳ ሆዴ አልረጋ ሲል፣ አፌ ቆስሎ ምራቄን መዋጥ ሲያቅተኝ አይተሽኛል፤ ባልዲውን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ። እሷ የእጄ አንጓ ላይና ከጉልበቴ በታች ወጋችኝ። በሦስተኛው ቀጠሮ ማግስት እንቁላል በልቼ ሳያስመልሰኝ ዋልኩ። ካንሰሩን አድንልሻለሁ አላለችኝም። «እኔ የምችለው ማቅለሽለሹን ማስታገስ ነው» ነው ያለችኝ። መሳቢያው ሁሉ የደረቀ ሥርና ቅጠል ሞልቶ፣ ስለምናት እንኳ «ከኬሞው ጋር ሊጣላ ይችላል፣ ሐኪምሽ ካልፈቀደ አልሰጥሽም» ብላ እምቢ አለችኝ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ከአራተኛው ኬሞ በፊት ደሜን ሲመረምሩት ጉበቴ ተቆጥቶ ተገኘ። ሐኪሙ «ሌላ ምን ወስደሻል?» አለኝ። ምንም ብዬ ማልኩ። ኬሞው ሦስት ሳምንት ተላለፈ። ማንን ልጠርጥር? ልጄን ፅዮንን ይዤ ዶክተር ሊን ጋ በሩን በርግጄ ገባሁና በበሽተኞቿ ፊት «መረዝሽኝ!» አልኳት። አልተቆጣችም። ፋይሌን አውጥታ አሳየችኝ፤ ከላይ እስከታች መርፌ ብቻ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቤትሽ ምን እንደምትጠጪ በመጣሽ ቁጥር ጠይቄሻለሁ፤ ዛሬም እጠይቅሻለሁ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መኪና ውስጥ ሳለቅስ ፅዮን አወጣችው። «ማሚ፣ አንቲ ብራውን ፓውደር አጥሚት ውስጥ ሚክስ አደረገች። ሲክሬት ነው አለችኝ።»

እታለም፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ከእኔ እንድትደብቅ አስተማርሽብኝ! ዱቄቱ የማኅበርሽ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከሀገር ቤት በሻንጣ ያስመጡት ሥር መሆኑን ኋላ ደረስኩበት። ደውዬ ብጠይቃቸው ስሙን እሳቸውም አያውቁትም። ስም የሌለውን ነገር በማንኪያ እየሰፈርሽ አጠጣሽኝ፤ ዞረሽ ደግሞ የምታደርግልኝን ሁሉ ጽፋ የምታስቀምጠውን ሴት ጠንቋይ አልሽ። «ጠጪው» ብትዪኝ ኖሮ እኮ፣ እኔ ሞኝሽ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጠጣልሽ ነበር። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ስታማስዪው አባታችን ሆይ እያልሽ እንደነበር ፅዮን ነግራኛለች። ባትነግረኝ ኖሮ አንቺን መጥላት ይቀለኝ ነበር።

ኬሞው አሁን ቀርቷል። በጉበቴ ምክንያት አይደለም፤ ጉበቴ ተመልሷል፤ ካንሰሩ ነው ኬሞውን ያልሰማው። ሐኪሙን «ኬሞው ሦስት ሳምንት ባይተላለፍ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር» አለኝ። ያለኝን ነው የጻፍኩልሽ፤ ማንም ሌላ ቢልሽ አትስሚ። ዶክተር ሊን መርፌዋን አልተወችም፤ አሁን ግን ለሕመሙ ነው፤ ቤቴ ድረስ የምትመጣውም እሷ ናት። ሰድቤያት ነበር እኮ።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ወረቀት ከጠበቃ የመጣ ነው። ስለ ፅዮን ነው፤ ከእኔ በኋላ የሚያሳድጋት ሰው ስም የሚጻፍበት። አባቷ የት እንዳለ እኔም እንዳንቺው አላውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ስም ፈልጌ ነበር። በመጨረሻ የጻፍኩት ያንቺን ነው። ፈርሚበት፤ ግን በፖስታ አትላኪው፣ ራስሽ ይዘሽው ነይ። ጋሼ ተሻገር ያምጡሽ። አንድ ነገር ብቻ አስምልሻለሁ፦ ከልጄ ምንም እንዳትደብቂ። ስለ እኔ ስትጠይቅሽም ቢሆን።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው። ይህን ያልኩት ለወግ ብዬ አይደለም።

የተቀየመችሽ ታናሽሽ