እማማ ቦዮ የላኩት ቡዋይ

ይድረስ ለባሌ እናት ለእማማ ቦዮ፦ እንደምን ከረሙ? እኛ በፖርት ሞርስቢ ደህና ነን፤ ወንድ ልጅ ተገላግያለሁ።

«ልጁ ያነሰው በእናቱ ዘር ነው» ማለትዎን ሰማሁ። ምጥ እስኪይዘኝ ድረስ በየሳምንቱ ያን አፍ የሚያቀላ የዘንባባ ፍሬ፣ ቡዋይን፣ በከረጢት የላከልኝ ማን ነው? «ፍሬውን ከኖራ ጋር አኝኪው፣ ማቅለሽለሽ ያስቆማል፤ እኔም ስድስት የወለድኩት እያኘክሁ ነው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከስድስቱ ስንቱ እንዳደጉ ግን አልነገሩኝም። እኔም ሞኟ አኘክሁ።

ነርሷ ቀይ ጥርሴን አይታ «ልጁን ያሳነሰው ይህ ቡዋይ ነው፤ ማነው የመከረሽ?» ስትለኝ ስምዎን አልጠራሁም።

ልጁ ሁለት ኪሎ አልሞላም፤ ወተቴን በጠብታ ነው የምሰጠው። ትናንት የደረሰውን ከረጢት ባሌ ሂቶሎ ባሕር ውስጥ ጣለው። የራስዎ ልጅ ነውና እሱን ይቆጡት።

ለመንደሩ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። «ስም ላውጣለት» ላሉት ግን፣ ልጁ እስኪጠና ስሙ ትንሽ ይቆየን።

ምራትዎ ጌዋ