የቀዩ ጨርቅ መደብ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ጎንበስ ስትዪ ይቆረጥምሻል ተብሎ ተጽፎልኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ጉልበትሽ ላይ ነው። አባባስ እንዴት ናቸው? ግራ ጆሯቸው ጨርሶ እምቢ አለ ወይስ እንደ ድሮው የሚፈልጉትን ብቻ ይሰማሉ? አማቼስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከናፍቆትና ከወገብ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ወገቡንም ቢሆን የዕድሜ ነው እንጂ የሥራ አይደለም እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። መልሱ የዘገየው ጊዜ አጥቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ ይህንንም ከቀደድኩት ወረቀት ሻጩ ይጠቀም እንደሆነ እንጂ እኔ ሰው አልሆንም።

ትልቋ ልጅሽ አንቺ እየነገርሻት የጻፈችውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁለቱም ልጆች ዘንድሮ የመንደሩን ትምህርት ቤት ጨረሱ፤ ለሚቀጥለው ክፍል ከተማ መሄድ አለባቸው፤ አባታቸው ግን አንዱን ብቻ እልካለሁ አለ፤ ወንዱ ይሂድ፣ ልጅቷ ሥራ ላይ እንደ እናቷ ስለሆነች እሷ ከሄደች መደቡን ማን ይይዘዋል አለ። ከዚያ አንተ በሥራህ የተመሰገንክ ሰው ነህና ፍረድ፣ የትኛው ይሂድ አልሽኝ። እትዬ፣ ይህን የጻፈችው ራሷ ልጅቷ ናት። ስለ ራሷ መቅረት ነው የምትጽፈው። ፊደሏ ግን አንድም ቦታ አልተዛነፈም።

መልሴ አጭር ነው፤ ልጅቷ ትሂድ። ግን ይህን ብቻ ጽፌ ብልክልሽ ምክር ይመስላል። ምክር የመስጠት አፍ እንደሌለኝ ደግሞ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ታገሺኝ፣ ከሥራ ቦታዬ ልጀምር።

የምሠራበት ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ነው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በጋሪ ይመጣልናል። ማሽኑ ያጥባል፣ ያደርቃል፤ እኛ በረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመን እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን። እንፋሎቱ ቀኑን ሙሉ ከፊታችን አይለይም። ከሰባት ዓመት በፊት የጠረጴዛው ኃላፊ አደረጉኝ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር አሠሪያችን እኔን መሐል ያቆሙኝና ይህ ሰው የገበሬ ልጅ ነው፣ አፈር ሲገፋ ያደገ ነው፣ ከእሱ ተማሩ ይላሉ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ሽንኩርት መደብ መተረክ እጀምራለሁ። አረም ከላዩ አይቀነጠስም፤ ጣትን አፈር ውስጥ ሰድዶ ከነሥሩ ነው የሚነቀል፤ ሥራም እንደዚያው ነው እላለሁ። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያ ቃል ያንቺ ነበር። አንቺ ስትናገሪው የሰማሁትን ነው እንደ ራሴ አድርጌ የምሰብክበት።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ከሥራ አስወጣሁ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ኮፍያውን ስለማያወልቅ ባለ ኮፍያው እንለዋለን። ቆሻሻው ያልለቀቀውን አንሶላ አጥፎ መሐል ይደብቅና ከላይና ከታች ንጹሑን ይደርብበታል። ሆስፒታሉ ክምሩን መለሰብን። እኔም በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቁሜ የለመድኩትን ስብከት ለቀቅኩበት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ በልጅነትህ አንድ ቀን እንኳ አልለገምክም ወይ አለኝ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ የምር ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ሰው ሁሉ መልሴን ይጠብቃል። አንድም ቀን አልኩት። ዕቃውን በፌስታል ይዞ ወጣ።

በሳምንቱ ያንቺ ደብዳቤ መጣ።

እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት አንቺም እኔም አፋችን ላይ ያላመጣነውን ልጻፈው። እኔ ዐሥር፣ አንቺ ዐሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። ልጅነቴን አንቺው ታውቂዋለሽ። ድንጋይ ለቀማ ሲሆን ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ፍግ ስናወጣ እግሬን ወለም ይለኛል፤ አረም ሲደርስማ ያልታመመ አካል አይኖረኝም። አባባ ይህ ልጅ በሥራ ቀን ብቻ ነው የሚታመመው ይሉ ነበር። እኔ ጥላ ሥር ስጋደም የኔን ድርሻ የምትጨርሺው አንቺ ነሽ። ከዚያ አጎታችን ልብስ ሰፊው ከተማ ወስጄ አንዱን ላስተምር ብሎ መጣ።

አባባ ወንድ ሴት አላሉም፤ ይህን ልመስክርላቸው። ሥራውን ያከበረ ትምህርቱንም ያከብራል አሉና ለእያንዳንዳችን ስድስት ስድስት የሽንኩርት መደብ ሰጡን። ማንበብ ስለማይችሉ በየድርሻችን ራስ አንድ አንድ ችካል ተክለው ጨርቅ አሰሩበት፤ ያንቺ ቀይ፣ የኔ ሰማያዊ። አርማችሁ ስትጨርሱ አላይም፣ ዝናብ ከመታው በኋላ በዐሥረኛው ቀን መጥቼ መሬቱን ራሱን እጠይቀዋለሁ አሉ። አንቺ ተንበርክከሽ ሁለት ቀን ሙሉ ስትቆፍሪ ዋልሽ። እኔ ለምሳ ጨርሼ ዛፍ ላይ ወጣሁ። የሰርዶውን ጫፍ ጫፍ ነበር የቀነጠስኩት። ያን ዕለት ለሚያየው ከአንቺ መደብ የኔ ያምር ነበር።

ከዚያ ዘነበ። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ቀድሜ ብሄድ የኔ መደብ ሽንኩርቱ ከሰርዶው እስከማይለይ ድረስ ለምልሟል። ያንቺ ጥቁር አፈር ነው፤ ሽንኩርቱ ብቻ ቆሟል። አንቺ ውኃ ልትቀጂ ወርደሻል። የአባባና የአጎታችን ድምፅ ከጓሮ በኩል እየቀረበ ይሰማኛል። ሁለቱን ጨርቆች ፈትቼ አለዋወጥኳቸው። በልጅነቴ ሳልለግም የሠራሁት ሥራ ቢኖር ያ ቋጠሮ ብቻ ነው።

ባልዲሽን ይዘሽ ስትደርሺ አባባ አረሙ ላይ ቆመው ቀዩን ጨርቅ በጣታቸው ይነካኩታል። ከአንቺ አልጠበቅሁም አሉሽ። አንቺ ጨርቁን አየሽ፣ ከዚያ እኔን አየሽኝ። ባልዲውን መሬት አስቀመጥሽ። እንድናገር ጊዜ ሰጥተሽኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሰጥተሽኝ ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ። ያን ጊዜ ተንበረከክሽና የኔን ሰርዶ ከነሥሩ መንቀል ጀመርሽ።

ለምን እንዳልተናገርሽ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስሄድ እስከ መንገዱ ሸኝተሽ በደንብ ተማር አልሽኝ። ከከተማ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጽፌ ስልክልሽ ማን እንደሚያነብልሽ እንኳ አላሰብኩም ነበር። አንቺ ፊደል የማትለዪው በእኔ ምክንያት መሆኑ የታሰበኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል፤ ለሰው ግን አልናገረውም።

እዚህ ታታሪ ይሉኛል። እውነት ነው፣ አልለግምም። የአንሶላውን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ነው የማየው። ግን ሥራ ወድጄ አይደለም፤ በዐሥረኛው ቀን አንድ ሰው መጥቶ ያየኛል እያልኩ ነው። አንድ መሬት ላይ አብረን ሠርተን አንቺ ሥር መንቀልን ተማርሽ፣ እኔ ምልክት መጠበቅን። አንቺ ማንም ባያይሽም ትሠሪያለሽ። እኔ ማንም ባያየኝም እፈራለሁ። የሚያመሰግኑኝ ሰዎች ይህን ለይተው አያውቁትም፤ ሁለቱም ከሩቅ ሲያዩት ትጋት ይመስላል።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አሠሪያችን ዘንድ ገብቼ ባለ ኮፍያው ይመለስ ብዬ ለመንኩ። ቦታው በሌላ ተይዟል አሉኝ። ቤቱን አጠያይቄ ሄድኩ፤ ለቆ ሄዷል፣ ወዴት እንደሆነ አናውቅም አሉኝ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይሉ የለ፤ የሱ ነገር እንዲሁ ከእኔ ጋር ይኖራል። የልጅሽ ግን ገና አልረፈደም።

አስቢው እስቲ። አባባ ሥራ የሚያውቅ ይሂድ አሉ፣ አንቺ ቀረሽ። አማቼ ሥራ የምታውቅ ትቅር አለ፣ ልጅሽ ልትቀር ነው። ሚዛኑ ተገልብጦም የምትቀረው ያችው ሠሪዋ ናት። ሠሪን በሥራው መቅጣት ይሄ ነው። ስለዚህ ልጅቷን ዘንድሮ ላኩ፤ ወንዱ ከርሞ ይከተላታል፣ ለሁለቱም ወጪ እኔ አለሁ። መደቡን የሚይዝ የቀን ሠራተኛ ይቀጠር። ስንት ጊዜ እመጣለሁ ብዬ እንደቀረሁ ታውቂያለሽና እኔ መጥቼ አርማለሁ ብዬ አልምልም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ እሱም ላንቺ ሌላ ሥራ ይሆንብሻል።

አማቼን ሰላም በይልኝ፤ ቢቆጣ በእኔ ይቆጣ፣ እኔ ሩቅ ነኝ። ወንዱን ልጅ ሳሚልኝ፤ እህቱ ቀድማው ስትሄድ ቅር ካለው አጎትህ ቀድሞ ሄዶ ምን እንደሆነ ደብዳቤውን አንብብ በዪው። ላሚቱ ከወለደች ጥጃዋን እንኳን በደህና መጣሽ በዪልኝ።

ለአባባ ይህ ደብዳቤ በደህናው ጆሯቸው በኩል ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ወንድ ልጃቸው መደብ እንደሚያወሩ እሰማለሁ። ጉልበታቸውን ስመሽ፣ አባባ ያ መደብ የሴት ልጅዎ ነበር በያቸው። ቢረግሙኝ እቀበላለሁ።

ለምታነብልሽ ለትልቋ። ልጄ፣ እዚህ ስትደርሺ ድምፅሽ እምቢ ካለሽ ትንሽ አርፈሽ ቀጥዪ። ከተማ እስክትሄጂ ሁለት ወር አለሽ፤ ሁለቱንም ወር አረም ላይ አትጨርሺው። እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪና እጇን በእጅሽ ይዘሽ ፊደል አስቆጥሪያት። የዚህን ደብዳቤ መልስ አንቺ እንዳትጽፊው። እሷ ትጻፈው። ዓመት ቢፈጅ እጠብቃለሁ፤ አንድ መስመር ይበቃኛል፣ ስድብም ቢሆን።

ወንድምሽ

ከማጠቢያው ቤት የምሳ ክፍል፣ ሰኔ 19 ቀን