በዘፈቀደ ከፍታ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት፦ «ተሽከርካሪው በፋብሪካ ያልተሠራ በመሆኑ፣ የኋላ አሞርዛተሮቹም በዘፈቀደ ከፍታ የታሰሩ በመሆናቸው ከግቢ እንዳይወጣ ታግዷል።»

በዘፈቀደ...

ሦስት ዓመት ፈጀሁበት። የአሮጌ ፊያት አካል በፒክአፕ ሻንሲ ላይ ጫንኩ። ወለሉን ዝቅ አደረግሁ፤ እህቴ ዓፊያ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ሚኒባስ መውጣት አቅቷታል። ንዝረቱን የሚውጠው አሞርዛተር ተጨምቆ 32 ሴንቲ ሜትር፣ ተስቦ 50። መሃሉ 41። መያዣውን እዚያው ላይ በየድኩት። መርማሪው ቃሲም ግን ሜትር እንኳ አልያዘም። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ። በሙያ ትምህርት ቤት ያስተማርኩት ልጅ!

«መምህር፣ አይቀየሙኝ። ከበላይ ነው።»

«የበላይህ መኪናው ሥር ገብቶ አይቷል?»

ወረቀቱን ሰጥቶኝ ወጣ።

ኅዳር 5

ዓፊያ ከባቲ ደወለች። «አብደላ፣ አካም፣ እንዴት ነህ... መኪናህ ዛሬም እግር አላወጣም?»

«ታግዷል።»

«እኔም ታግጃለሁ። ከእኔና ከእሱ ማን ቀድሞ ይፈታ ይሆን?» ሳቀች።

ሁለት ዓመት ከደጃፏ አልራቀችም። ረዳት እንደ ጆንያ አንስቶ እንዲያስገባት አትፈልግም። እኔስ? ጠዋት ጠዋት ሞተር አስነሳለሁ፣ እስከ በሩ እነዳለሁ፣ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። አሥራ አንድ ሜትር።

ኅዳር 9

ከገበያ ስመለስ መኪናው በኋላው ቁጭ ብሏል። ሚስቴ ቶይባ የዘንድሮውን ማሽላ ጭናበታለች፤ ሦስት ኩንታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሠራሽ?»

«ቆሞ ከሚውል ጎተራ ይሁን።»

«ይህ የእህል ሳይሆን የሰው መጫኛ ነው።»

«እና ዓፊያ ባዶ እጇን ልትመጣልህ ነው? ከነፍየሏ፣ ከነጎረቤቷ ናት። ከባቲ ባዶ መኪና ሲመጣ አይተህ ታውቃለህ?»

ላራግፍ ጎንበስ አልኩ። አሞርዛተሩን ለካሁ። 34። ሊገጭ የቀረው ሁለት ሴንቲ ሜትር... አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል፣ ብረት ከብረት። በዚያ ዳሌ ላይ።

የለካሁት ባዶውን ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት «በጭነቱ ለኩ» እያልኩ አስተምሬ። ብቻዬን የምሄድበት መስሎኝ ነው?

ኅዳር 11

መያዣውን ቆርጬ አራት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ በየድኩ። ባዶውን 45፣ ከነማሽላው 38። ለቶይባ አልነገርኳትም።

«ጎተራዬ ከፍ አለ» አለች፣ ውሃ ይዛ ስታልፍ።

ኅዳር 12

ዛሬ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገባሁት ማመልከቻ፣ ግልባጩ፦

«የቀድሞው ከፍታ ስህተት ነበር፤ ስህተቱም የእኔ ነው። በዘፈቀደ ግን አልነበረም። ያልለካችሁት እናንተ ናችሁ። አሁን ታርሟል። ሜትር ይዛችሁ ኑ፤ ሦስቱን ኩንታል እኔ አቀርባለሁ። ካለፈ እገዳውን አንሱ። ካላለፈ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጎደለ ጻፉ። በቃል የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። ፊርማና ማኅተም ያለበት ምላሽ እስከ ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።»