የእኔ «አባታችን ሆይ» ያጥራል

መጋቢት 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
የመብራት ማመንጫው ሞተር ዛሬም ያስላል። ንፋስ። ሽቦዎቹ ተነካክተው በእኛ መብራት የሚሠራው ወፍጮ ቆመ። አለቃዬ ጋሽ ይስማው የማብሪያውን እጀታ ሲነቅሉት ከመዳብ ወደ መዳብ ሰማያዊ እሳት ተዘረጋ፤ ጠፋ። እጀታውን ቶሎ መመለስ ክልክል ነው። እሳቱ ቢጠፋም አየሩ ገና እንደጋለ ነው፤ የጋለ አየር እሳቱን መልሶ ያሳልፋል። ሰዓት የለንም። አንድ «አባታችን ሆይ» ተደግሞ ሲያልቅ ይመለሳል። የጋሽ ይስማውን ጉሮሮ ጉንፋን ስለዘጋው ከነገ ጀምሮ ደጋሚው እኔ ነኝ። ደስ ብሎኛል። የቤተ ክህነት ልጅ ነኛ!

መጋቢት 5፣ ማታ
የዳንግላ ገበያ ቀን። ባለእህሉ ደጁን ሞልቶ ይጮኻል። ሽቦው ተነካካ። ጋሽ ይ. ነቀሉ። ደገምኩ። «አሜን» አልኩ። መለሱት። መዳቡ ሳይነካካ እሳቱ ዘሎ ቀኝ እጃቸውን በላው። በጋሪ ወደ ክሊኒክ። ሽታው ካፍንጫዬ አልወጣም።

መጋቢት 6
ሥ/አስኪያጁ መጣ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፣ ቸኩለው መለሱት፣ ይሰናበታሉ አለ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጃንሆይን ፎቶ አየሁ። «አሜን» ያልኩት እኔ ሆኜ ለምን ዝም አልኩ? ማስታወሻዬ፣ አንተም አትጠይቀኝ።

መጋቢት 8
እንቅልፍ የለም። ከክሊኒኩ ቁስል አጣቢ የእጅ ሰዓት ለምኜ ጋሽ ይ. ቤት ሄድኩ። እስቲ አብረን እንጸልይ አልኳቸው። እሳቸው የአገው ገበሬ ልጅ፣ አማርኛውን ካደጉ በኋላ የተማሩ፤ ቃል በቃል፣ ረጋ ብለው ይላሉ። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት፣ ቀድሞ የጨረሰ ከአለንጋ የሚያመልጥበት፣ እየተሽቀዳደምኩ የተማርኩት ነው። እኔ «አሜን» ስል እሳቸው ገና «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ናቸው። ሰዓቱን ማየት እንኳ አላስፈለገኝም። ያን ቀን አየሩ ሳይበርድ ነው «አሜን» ያልኩት። አፈርኩ።

ገባቸው። በፋሻ የተጠቀለለውን እጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። አንተ ልጅ ነህ፣ እናትህን ትጦራለህ፣ ተወው አሉኝ። ይህ ከቁጣ ይብሳል።

መጋቢት 9፣ ምሽት
የስንብቱ ደብዳቤ ነገ ይፈረማል። እውነቱን ልጻፍ፣ ፈራሁ። እናቴ አልሰማችም። ግን ጧት 2 ሰዓት ቢሮው በር ላይ ነኝ። ሥ/አስኪያጁ ሰዓቱን ይያዝ። ሁለት ጊዜ እደግምለታለሁ፤ አንዴ እንደ ጋሽ ይ.፣ አንዴ እንደ እኔ። ከዚያ ማን እንደሚባረር ራሱ ይፍረድ።