ፍራሹን ነፃ ያወጡት ሐኪም

አክስታችን መቼ እንደተወለዱ ሁለት ቃል አለ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ «ጎርፍ ድልድዩን የወሰደ ለት ነው» ይሉ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ግን ድልድዩ ሲወሰድ አክስታችን ከዳር ቆመው ጎርፉን በድንጋይ ይደበድቡት እንደነበር ዛሬም ይምላሉ። ሁለቱም ውሸት የማያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ሁለቱንም ጽፈናል። አክስታችን ራሳቸው፣ ሐኪም ከሆኑ በኋላ፣ እጃቸውን ራጅ ተነሥተው «ከሃያ ዓመት በላይ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ አጥንቴም አያውቅ» ብለው ክርክሩን ዘግተዋል።

አባታቸው አናጺ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው፣ የሞተ ሰው በምን እንደሞተ የሚመረምር ሐኪም ሆኑ። እናታቸው «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ለሞተ?» ቢሏቸው «እማዬ፣ የሞተውን የምጠይቀው ለቀሩት ብዬ ነው» አሉ።

በእናታቸው ስሌት በሃያ ስድስት፣ በወንድማቸው ስሌት በሠላሳ ዓመታቸው ትዳር መሠረቱ። የመሬት ቀያሽ የሆኑት ባለቤታቸው ለጋብቻ ሲጠይቋቸው «ግራ እግርህ ከቀኙ አንድ ሴንቲ ያጥራል» አሏቸው። «ለዚህ ነዋ ወዳንቺ ያዘነበልኩት!» አሉ ቀያሹ። ሦስት ልጆች ወለዱ። በቤታቸው ዶሮ ሲበላ፣ የያዘውን አጥንት በስሙ ያልጠራ ልጅ አይደገምለትም ነበር።

በሆስፒታሉ ምድር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠሩ። እንደተወለዱ የሚሞቱ ሕፃናትን፣ ወላጆቻቸው ሲፈቅዱ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሙሉ ሰውነታቸውን ራጅ ያስነሡ ነበር። ራጅ አንሺው «ዶክተር፣ ማሽኑ እኮ ለሕያዋን ነው» ሲል «ወላጆቹ ሕያዋን አይደሉም እንዴ?» ይሉታል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት፣ የእህታቸው ልጅ የበኩር ልጇን በተወለደ በሰዓቱ አጣች። አማቷ «ነፍሰ ጡር ሆና ብቻዋን ፍራሽ ገልብጣ ነው» አሉ። እሷም ይህን አምና ተቀብላ፣ ከእንግዲህ ልጅ አይታሰብም አለች። አክስታችን ልባቸው ደክሞ ሳለ፣ ወላጆቹን አስፈቅደው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ፤ ሕፃኑንም ራጅ አስነሡ። ራጁን ቤተሰቡ ፊት በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው አሳዩ፤ የእጅና የእግር አጥንቶቹ አጫጭር፣ የጭኑ አጥንቶች እንደ ድሮ ስልክ እጀታ የጎበጡ፣ ደረቱ ለሳንባ ቦታ የማይሰጥ ጠባብ ነበር። የዘረ መል ምርመራውም ይህንኑ አጸና።

«ይህ ሕፃኑ ሲፀነስ የተፈጠረ ስሕተት ነው፤ ከእናትም ከአባትም አልመጣም» አሉ። «ያን ለት ፍራሹን ማንም አልገለበጠውም፤ ሥራ ላይ ነበር።»

አማትየዋ ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ሲስቅ ታይቷል።

«ብደግምስ፣ አክስቴ?» አለች እናቲቱ።

«ተመልሶ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው የኔ ልጅ። መወሰኑ ግን የናንተ ነው።»

አክስታችን በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው፣ በዚህ ወር በዘጠነኛው ቀን ማለዳ፣ በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። ለብዙ እናቶች ልብ ዕረፍት የሆነችውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ በዕረፍት ይቀበልልን።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ከመሄዱ በፊት፣ ስሕተት ካለው ይታረም ተብሎ ለቤተሰቡ ተነብቦ ነበር። አማትየዋ «መሳሳቴም ይጻፍ፤ እሳቸው አይዋሹም» አሉ። ይኸው ተጽፏል። ያኔ የእህታቸው ልጅ የባሏን እጅ ይዛ ተነሣች።

«ይህንንም ጻፉልን» አለች፤ «እኛ እንወልዳለን።»